አራቱ መነኮሳት ለጵጵስና ስለ መመረጣቸው

ከግብፅ መጥተው 45 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የኖሩት ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ጵጵስና ይሾሙ ዘንድ የእስክንድርያን መንበር ጠየቁ። በፍትሐ ነገሥት የተጻፈውና ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ወገን ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክለው ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሲጠበቅ ኖሯልና፣ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ ቢያስመጡም፣ አራቱም ግብፃውያን ስለ ነበሩ ቁጥሩ በዛ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም ነበር።

ብዙ መልእክትና ክርክር ከተመላለሰ በኋላ ስምምነት ተገኘ፤ ሊቀ ጳጳሱ እንደ ቀድሞው ከግብፅ ሲመጣ፣ ከእርሱ በታች በየሀገረ ስብከቱ የሚቀመጡት ጳጳሳት ግን ኢትዮጵያውያን ይሆኑ ዘንድ ተፈቀደ። ጵጵስና ሚስት ያላገባ መነኩሴ የሚቀበለው ማዕርግ በመሆኑ፣ በትምህርታቸውና በምንኵስናቸው ከተመሰከረላቸው አባቶች መካከል አራት ተመረጡ፤ ከእነርሱም አንዱ በሰላሌ ፍቼ የተወለዱት መምህር ኃይለ ማርያም ነበሩ። በግንቦት ወር 1921 ዓ.ም. በካይሮ አንብሮተ እድ፣ ማለት በፓትርያርኩ እጅ መጫን የሚሰጠውን ሹመት ተቀብለው፣ አቡነ ጴጥሮስ (መምህር ኃይለ ማርያም)፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ ተባሉ፤ ሊቀ ጳጳስ ሆነው የመጡት ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ነበሩ። ይሁን እንጂ አራቱ ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ እስክንድርያ ሰዎቹን ሰጠች እንጂ መንበሩን አልለቀቀችም፣ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

መራጮቹ ዕውቀትንና ገድልን መመዘን ችለዋል፤ የጠላት ዘመን የሚጠይቀውን ጽናት ግን አስቀድሞ የሚመዝን ጉባኤ አልነበረም። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ በመገዘታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ እንዲሁ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. በጣሊያኖች ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ ተብለው ተሾሙ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ ጳጳሳትን ከመሾም ሥልጣን ጋር፣ በአቡነ ባስልዮስ የተገኘው በ1943 ዓ.ም. ነው።