«ትኩስ»፣ «የሚያቃጥል» እና «አልጫ»፤ ስለ በርበሬ ቃላት ታሪክ ከምዕራብ ጎጃም የተወሰደ ማስታወሻ

ኅዳር ከገባ በኋላ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ በየደጁና በየአውድማው የተሰጣ ዛላ በርበሬ ያያል። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወንበርማ ወረዳዎች በርበሬ ለገበያ የሚመረት ዋና ሰብል ስለ ሆነ፣ በገበያ ቀን አየሩ ራሱ ያስነጥሳል። እንዲህ ባለው አገር ስለ በርበሬ የሚነገሩት ቃላት ጠርተው የተለዩ ይሆናሉ ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። በገበያው እርግጥ ነው፤ በምግብ ቤት ገበታ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ይህ ጸሐፊ የተረዳው በሚከተለው አጋጣሚ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቃላት ለመሰብሰብ ወደዚያው በወረድሁ ጊዜ ሁለት ሰዎች አብረውኝ ነበሩ። አንደኛው በርበሬ በማብቀል ከታወቀው ከደቡብ ህንዱ የጉንቱር አካባቢ የመጡ የቋንቋ መምህር፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሾፌር ነበር። ቡሬ ከአንድ ምግብ ቤት ገብተን ምሳ አዘዝን። ባለቤቲቱ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ለህንዳዊው መምህር አልጫ፣ ለሾፌሩና ለኔ ቀይ ወጥ አቀረቡ። መምህሩ ከመጽሐፍ በተማሩት አማርኛ «እባክዎ፣ ትኩስ ይስጡኝ» አሉ። ሴትዮዋም አልጫውን አንሥተው ወደ ማድ ቤት ተመለሱና እንፋሎቱ እስኪትጎለጎል አሙቀው አመጡላቸው። እንግዳው የፈለጉት የሚያቃጥለውን ወጥ መሆኑን ባስረዳሁ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እሳቸው አይችሉትም፤ ባገራችን ቢታመሙብን ምን እንላለን?» አሉኝ።

ሾፌሩ በበኩሉ «እማማ፣ ጨጓራ አለብኝ፤ አልጫውን ለኔ ቢያደርጉልኝ» ቢላቸው «ያዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ጨጓራ አለብኝ ነው የሚለው፤ ብላ ልጄ፣ ይለመዳል» ብለው ሣቁ። እኛም አብረን ሣቅን፤ ልጁ አፍሮ በላ። ሌሊቱን ሐኪም ቤት አደርን፤ ሕመሙ የእውነት ነበረ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ያ ሣቅ ትዝ ሳይለኝ አይቀርም።

በዚያ ገበታ ላይ የተሳሳተ ሰው አልነበረም ለማለት ባይቻልም፣ ስሕተቱን ያዘጋጁት ግን ቃላቱ ናቸው። ታሪካቸውን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ዛሬ በርበሬ የምንለው ተክል ኢትዮጵያዊ አይደለም። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን ወደ ቀረው ዓለም የወጣው ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከተሻገረ በኋላ ነው። ፖርቱጋሎች በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች ስላሠራጩት ወደ አገራችን የገባው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ስሙ ግን ከተክሉ ይቀድማል። በርበሬ የሚለውን ቃል ብዙ ሊቃውንት ከግሪኩ «ፔፔሪ» ጋር ያያይዙታል፤ ይህም የጥቁሩ ቅመም፣ ማለት የቁንዶ በርበሬ ስም ነው። እንግዲህ ቀድሞ «በርበሬ» ሲባል ይታሰብ የነበረው ከህንድ በባሕር የሚመጣው ውድ ቅመም ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ካቀረባቸው ስጦታዎች አንዱ ይኸው ቅመም እንደ ነበረ አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። ለንጉሥ የሚቀርብ ነገር ድኻ በየደጁ የሚያሰጣው አልነበረም።

አዲሱ ቀይ ፍሬ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የአሮጌውን ስም ሰጠው፤ ምላስ ላይ የሚሠራው ሥራ ተመሳሳይ ነበርና። አዲሱ በየጓሮው እየበቀለ ሲረክስ ስሙን ጠቅልሎ ወሰደው፤ አሮጌው ባለቤት «ቁንዶ» የሚል ቅጽል ተለጥፎበት እንደ እንግዳ ቀረ። ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በስዋሂሊም «ፒሊፒሊ» የሚለው ስም ለአሜሪካው ፍሬ ተላልፎ ጥቁሩ «ፒሊፒሊ ማንጋ» ተብሏል። እስፓኞችም ከአሮጌው ስም «ፒሚዬንታ» ላይ «ፒሚዬንቶ»ን አውጥተው ለአዲሱ ሰጥተዋል። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ የግሽ ዐባይን ምንጭ ለማየት ወደ ሰከላ በወረደበት ዘመን፣ ጥሬ ሥጋ በጨውና በጥቁሩ ወይም በቀዩ በርበሬ ተነስንሶ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ ሲበላ እንዳየ ጽፏል። በእርሱ ዘመን ሁለቱ ገና ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ «አልጫ»ን ማንሣት ይገባል። ቃሉ በቅጽልነቱ ጨው ያነሰውን፣ ጣዕም የሌለውን ነገር ያመለክታል፤ «አልጫ ሰው» ሲባልም ወዝ የሌለው፣ ለዛ ቢስ ማለት ነው። እንደኔ ግምት የወጡ ስም የሆነው በርበሬ ከተለመደ በኋላ፣ ከቀይ ወጥ ጋር በመነጻጸር ነው፤ ወጥ ሁሉ ያለ ቀይ በርበሬ በሚሠራበት ዘመን እንዲህ ያለ መለያ ባላስፈለገም ነበር። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ገብቶበት የሚሠራ ምግብ በስሙ ብቻ የጎደለው መስሎ ይታያል፤ የሚያዝዘውም ሰው ከምግቡ ጋር ስሙን ይወርሳል። በአንጻሩ ፈጣንና ተናጋሪ ሴት «ሚጥሚጣ» ስትባል ምስጋና ነው። ወንድ ልጅ በሰው ፊት «አልጫ ስጡኝ» ማለት ለምን እንደሚያፍር ከዚህ ይታያል።

ስለዚህ ማምለጫ ተፈለገ፤ የተገኘውም «ጨጓራ» ነው። ቃሉ መጀመሪያ የአካል ክፍል ስም ነው፤ ቀጥሎ የሕመሙ ስም ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ በምግብ ቤት «የሚያቃጥል አልወድም» ለማለት የሚያገለግል የጨዋ ሰበብ ሆኗል። በርበሬ አልወድም ማለት ነውር ሲሆን በርበሬ ያመኛል ማለት ነውር አይደለም። ሁሉም ሰበቡን ሲጠቀምበት ግን የእውነተኛው በሽተኛ ቃል ዋጋ ያጣል፤ ቡሬ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ሦስተኛ አገባብ ሳይመዘግብ ሊያልፈው አይገባም እላለሁ።

«ቻለ» የሚለውም ግሥ የራሱ ድርሻ አለው። «በርበሬ አይችልም» ስንል ነገሩን የጉልበት ጉዳይ እናደርገዋለን፤ ጉልበትንም ለወገን ሰጥተን ለባዕድ እንነሣለን። አፍ የሚያቃጥለውን ነገር እ.ኤ.አ. በ1876 «ካፕሳይሲን» ብሎ የሰየመው እንግሊዛዊው ጆን ትሬሽ ነው። ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው ይህ ነገር የሚቀሰቅሰው ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት የሚሰማውን የነርቭ ተቀባይ ነው። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ተቀባዩ በየጊዜው ሲነካካ ስሜቱ እየደነዘዘ ስለሚሄድ ትክክለኛው ግሥ «ቻለ» ሳይሆን «ለመደ» ነው። የጉንቱሩ መምህር ከሕፃንነታቸው የለመዱ ነበሩ፤ የአዲስ አበባው ልጅ አልለመደም፤ ባለቤቲቱ ግን ሁለቱንም የመዘኑት በመልካቸው ነው። በነገራችን ላይ፣ መምህሩ በመጨረሻ ቀዩን ወጥ በልተው ሚጥሚጣ ሲጨምሩበት ሴትዮዋ ውሃ ሳይሆን እርጎ ነበር ያቀረቡላቸው። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በስብ ይሟሟል። ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም።

ለተርጓሚዎች የሚበጀው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የእሳትንም የበርበሬንም ስሜት «ሆት» በሚል አንድ ቅጽል ይጠራል። አማርኛ በቅጽል ደረጃ ይለያል፤ «ትኩስ» ሙቀትን አንዳንዴም አዲስነትን እንጂ በርበሬን አይነካም። በግሥ ደረጃ ግን እኛም እንደባልቃለን፦ ሻዩም ወጡም «ያቃጥላል»፣ ምጣዱም ሚጥሚጣውም «ይፋጃል»። የጁሊየስን ግኝት ያነበበ ሰው ይህን መደባለቅ ስሕተት ሊለው አይችልም፤ ነርቩ ራሱ አይለያቸውምና። ሰናፍጭ ብቻ «ይሰነፍጣል» የሚል የራሱ ግሥ አለው፤ እርሱም አፍንጫን እንጂ ምላስን አይመለከትም።

በምግብ ዝርዝሮችና በታሸጉ ምግቦች ላይ «ስፓይሲ» የሚለውን «ቅመም የበዛበት» ብሎ መተርጎም ግን ያለ ጥርጥር ስሕተት ነው። አልጫም ቅመም አለው፤ መከለሻውን ያየ ያውቃል። ቅመም ብዙ ሆኖ የማያቃጥል፣ አንድ ቅመም ብቻ ኖሮት የሚያቃጥል ምግብ አለ። ሳይንሳዊውን ጠባይ ለመሰየም፣ ለምሳሌ አሜሪካዊው ዊልበር ስኮቪል እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣውን መለኪያ ለማስተርጎም፣ ሁለት ቃላት ይቀርባሉ፦ «አቃጣይነት» እና «ለብላቢነት»። ሁለተኛው ሳማ ሲለበልብ ከምንለው ስለ ተወሰደ ከእሳት ይለያል፤ ለትክክለኛነት የሚቀርበውም እርሱ ነው። ነገር ግን በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከማድ ቤት እስከ ገበታ የሰማሁት «ያቃጥላል» የሚለውን ስለ ሆነ እኔ «አቃጣይነት»ን እመርጣለሁ።

ለአስተናጋጅ ጥያቄ ግን ስም አያስፈልግም። «በርበሬ ለምደዋል?» ማለት ይበቃል፤ ከ«ይችላሉ?» ይልቅ ማንንም አያሳፍርም፣ ሰበብም አያስፈልገውም። በወሎ፣ በጎንደርና በሸዋ ይህን ለመጠየቅ የሚነገር ሌላ አባባል ካለ፣ በተለይም «ጨጓራ»ን የሚተካ ሰበብ የሰሙ አንባብያን ካሉ፣ የሰሙበትን ስፍራ ጨምረው ቢጽፉልን ወደ ካርዱ እናስገባዋለን።