የማይጠየፈው አዳራሽ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይገባል። በከተማይቱ ከጉብታ ላይ የተቀመጠውን የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ ቢጠይቅ «አይጠየፍ ማለትህ ነው?» ይሉታል። ነገሥታት ለቤታቸው የክብር ወይም የድል ስም ሲያወጡ ኖረዋል፤ ይህ አዳራሽ ግን የሚጠራው በአንድ ግስ ነው፤ ያውም በአሉታ። ደሴዎች ስሙን ሲተረጉሙት ደሃና ጌታ፣ እስላምና ክርስቲያን ሳይል ሁሉን ተቀብሎ የሚያበላ ቤት ማለት ነው ይላሉ።

መጠየፍ በአማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ የአፍ ጉዳይ ነው። ሰው የሚጠየፈው ምግብን፣ ዕቃን፣ የሌላውን እጅ ነው። በወሎ ይህ ቃል የዋዛ አይደለም። አባት መሐመድ ልጅ ኃይለ ማርያም የሚባሉበት፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም ጾም የሚጾምበት አገር ቢሆንም ሥጋው ግን አንድ አይደለም፤ ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ የተባረከውን፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን ይበላል። ስለዚህ የወሎ ደጋሽ ሁለት በሬ ያሳርዳል፤ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ ያዘጋጃል። ስለ ወሎ መቻቻል ሲወራ ሁሉም ከአንድ ገበታ እንደቆረሰ አድርገው የሚናገሩ አሉ፤ ነገሩን ያላዩ ናቸው። የወሎ ጨዋነት በሁለቱ ድስቶች ላይ ነው፤ አንተ የማትበላውን እኔ እበላለሁ፣ እኔ የማልበላውንም ለአንተ በቤቴ አሠራልሃለሁ የሚል ነው። የአዳራሹን ስም እኔ የምረዳው በዚህ መልክ ነው።

ይሁን እንጂ የቤቱ ጌታ ታሪክ ከስሙ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ መሐመድ አሊም ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ያልተጠመቁት ከሹመታቸው ተነሡ፤ ሌላው ተሰደደ፤ ሌላው እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር እምቢ ብሎ ተዋጋ። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፈውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን ዘመን በቀላሉ አያልፈውም። እንግዲህ ማንንም አይጠየፍም የተባለውን አዳራሽ ያሠራው፣ ሃይማኖቱን በአዋጅ ጭምር የቀየረ ሰው ነው። ስሙ የመጣው ከኀፍረት ይሁን ከፖለቲካ ብልኀት ወይስ ከልብ? ሦስቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

የግብር አዳራሽ ደግሞ ሁሉን ቢያበላም ሁሉን እኩል አያስቀምጥም። መኳንንቱ አስቀድመው ይበላሉ፤ ተራው ወታደር በዙር ይገባል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው «ቡዳ» ተብሎ ከገበታ የሚርቅበት ዘመን ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በመኳንንቱ ቤት ውኃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨውም በባሪያ ጉልበት ነበር። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ሚካኤል በግንቦት 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር፤ ከሙስሊሞች ጋር ተቀላቅሎ መብላቱ እንኳ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረ። የአይጠየፉ ቤት ልጅ በመጠየፍ ተፈረደበት። አባትየው በወሩ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸውም በእስር አረፉ።

ይህን ሳስብ ከእኛ እጅግ የራቀ ሌላ ቤት ይታወሰኛል። ራሳቸውን «ወዳጆች» የሚሉ፣ ሌላው ዓለም ኩዌከር የሚላቸው ክርስቲያኖች በአሜሪካ ፊላዴልፊያ በ1804 እ.ኤ.አ. የሠሩት የአርች ጎዳና የመሰብሰቢያ ቤት ነው። መሠዊያ የለውም፤ ረዣዥም አግዳሚ ወንበር ብቻ። በዝምታ ይቀመጣሉ፤ መንፈስ ያነሣሣው፣ ወንድ ቢሆን ሴት፣ ተነሥቶ ይናገራል። ኩዌከሮች ባርነትን በመቃወም ስማቸው የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ከእነርሱም ባሪያ የሚያሳድሩ ነበሩ። በ1688 እ.ኤ.አ. ከፊላዴልፊያ አጠገብ በጀርመንታውን አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም አቤቱታ ፈርመው ለጉባኤያቸው ቢያቀርቡ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ተገፋ፤ ተቀባይ አላገኘም። የፊላዴልፊያ ጉባኤ አባላቱን ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ነው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት ዘግይቶ። ያ ወረቀት ጠፍቶ ኖሮ በ2005 እ.ኤ.አ. የተገኘው በዚያው በአርች ጎዳና ቤት ካዝና ውስጥ ነው። ቤቱ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ የማኅበሩ ክብርም ኀፍረቱም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ቅርስ መጠበቅ ሲባል በአገራችን የሚታሰበው ጣራ ማደስ፣ ግድግዳ መለሰን ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ቅርስ በአንድ ወር ሊራቆት እንደሚችል ደሴ ታውቃለች፤ በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ሙዚየሟ ተዘርፏል። የጠፋውን ዕቃ ሁሉ በገንዘብ መመለስ አይቻልም። በአይጠየፍ ውስጥ ማን መቼ ገባ፣ ማን ከየትኛው በር፣ የሙስሊሙ ድስት የት ተጣደ፣ ውኃውን ማን ቀዳ የሚለው ወሬ ግን የተቀመጠው በሰው አፍ ነው፤ ዘራፊ አይወስደውም፣ ሞት ግን ይወስደዋል። ከአዳራሹ ደጅ ለሚተከል ጽሑፍ ቃል ምረጥ ብባል፣ ከንጉሡ ማዕረግ ቀጥዬ የቦሩ ሜዳን አዋጅ፣ ከዚያም የወጥ ሠሪዎቹን ሥራ አስጽፍ ነበር።

በቀደም ዕለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ምሳ ፍለጋ ስዘዋወር ሁለት ሥጋ ቤቶች ጎን ለጎን አየሁ፤ በአንደኛው ደጅ መስቀል፣ በሁለተኛው ጨረቃና ኮከብ ተሥሏል። ባለ መስቀሉ ቤት ምንዛሪ አጥሮት ልጁን ወደ ጎረቤቱ ላከው፤ ልጁም ዝርዝሩን በእፍኙ ይዞ ተመለሰ።