የዋጋ ተመላሽ ከየት መጣ?

ዲሴምበር 21 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 አባላት ያሉት ማኅበር አንድ አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። ሸቀጡ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ ነበር። ለመዋጮው የተወሰነ ወለድ ከታሰበ በኋላ የተረፈው ትርፍ ለአባላቱ የሚከፋፈለው በሸመቱት መጠን ሲሆን፣ ገዢው ባለቤትም ስለነበረ መዝገቡን መመርመር ይችል ነበር።

በ1896 በአሜሪካ የተቋቋመው የስፔሪና ሃቺንሰን ኩባንያ አሠራሩን ለወጠው። ነጋዴው አረንጓዴ ቴምብር ከኩባንያው እየገዛ ለደንበኛው ይሰጥ ነበር፤ ደንበኛውም በደብተር ለጥፎ በዕቃ ይለውጠው ነበር። በየመሳቢያው ተረስቶ የቀረው ቴምብር ማንን እንደጠቀመ መገመት አያዳግትም።

በ1998 የተመሠረተው ኢቤትስ ዘዴውን ወደ ኢንተርኔት አሻገረ። ሸማቹ በድርጅቱ ገጽ በኩል ወደ ሻጩ ሲያልፍ መለያ ምልክት አብሮት ይጓዛል፤ ግዢው ሲፈጸም ሻጩ ኮሚሽን ይከፍላል፤ ድርጅቱም ከዚያው ላይ ለሸማቹ ያካፍላል። ክፍያው የሚዘገየው ዕቃው የሚመለስበት ጊዜ እስኪያልፍ ስለሚጠበቅ ነው። ሸማቹ መካከል ላይ በሌላ ማስታወቂያ በኩል ከገባ ግን ኮሚሽኑ ለሌላ ሊመዘገብ ይችላል። በ2014 የጃፓኑ ራኩተን ኢቤትስን በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

ያለዚያም ሊገዛው ላሰበው ዕቃ ገንዘብ የተመለሰለት ሸማች በእርግጥ ቆጥቧል። ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ተደምሮ እንደሆነ የሚያይበት መዝገብ በእጁ የለም።