የገጠር ስኪ (ኖርዌይ)

በኖርዌይ ገጠር ስኪ የሚጀመረው ከቤት ደጃፍ ነው። ጫማው በረንዳው ሥር ይታሰራል፤ ከዚያ በጎተራው አጠገብ አልፎ፣ ማሳውን አቋርጦ ወደ ጫካው መዝለቅ ነው። መኪናም ሆነ የተራራ ሊፍት አያሻም። ምስጢሩ ያለው ተረከዝ ላይ ነው። ለቁልቁለት ብቻ በተሠራ ስኪ ጫማው ከፊትም ከኋላም ይቆለፋል። በኖርዲክ ስኪ ግን የሚታሰረው በጣት በኩል ብቻ ስለሆነ ተረከዙ እንደ ልብ ይነሳል፤ ሜዳውም ዳገቱም በእግር እንደሚሄዱት ይኬድበታል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ የሆነበት አገር አቋራጭ ስኪም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ልዩነቱ በተዘጋጀ መንገድ ላይ መካሄዱ ነው።

“ስኪ” በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ፍልጥ እንጨት ማለት ነበር። በስዊድን ካልቭትሬስክ የተገኘው ስኪ ዕድሜው ከ5,000 ዓመት ይበልጣል። ለዛሬው አካሄድ ግን ትልቁ ባለውለታ በቴሌማርክ፣ ሞርጌዳል የተወለደው ድሃው ጭሰኛ ሶንድሬ ኖርሄይም (1825–1897) ነው። ከተጠማዘዘ ቅርንጫፍ የሠራውን ማሰሪያ፣ ተረከዙ እንዳይነሳ ሳይቆልፈው፣ በተረከዙ ዙሪያ አዞረው፤ ስኪው ከእግሩ ሳይወልቅ መታጠፍና መዝለል ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1868 በክርስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ በተደረገው ውድድር ሲያሸንፍ 42 ዓመቱ ነበር። አንዱን ጉልበት በርከክ አድርጎ የመታጠፍ ስልት እስከ ዛሬ በትውልድ አካባቢው ስም ቴሌማርክ ይባላል።

ስኪው ወደፊት እየተንሸራተተ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የማይከዳው በሰም ነው። ስኪው መሃሉ ላይ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ ነው፤ ሙሉ ክብደት አንዱ እግር ላይ ሲያርፍ ጉብጠቱ ይዘረጋና ሰም የተቀባው ክፍል በረዶውን ይነክሳል። አዲስ የወረደ ቀዝቃዛ በረዶ ሹል ስለሆነ ጠንካራ ሰም ይበቃዋል፤ ርጥብና ያረጀ በረዶ ግን ለስላሳና ተለጣፊ ሰም ይፈልጋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከመነሳቱ በፊት በረዶውን እፍኝ ሞልቶ በጓንቱ ይጨብጠዋል፦ ከተድበለበለ ርጥብ ነው፣ እንደ ዱቄት ከተበተነ ደረቅ። ሰሙን ያልመረጠ ሰው ዳገቱን በክንዱ ጉልበት ሲታገል ይውላል። ሰም የማያስፈልጋቸው፣ ሆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነቀሰ ስኪዎችም አሉ።

የሰው ማሳ ማቋረጥ እንዴት ተቻለ? እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሕግ ዱርና ተራራውን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። የታረሰ መሬት ላይም ቢሆን ከኤፕሪል 30 እስከ ኦክቶበር 14 ካለው ጊዜ በስተቀር፣ መሬቱ ከጠጠረ ወይም በረዶ ከለበሰ፣ ማንም ያልፋል፤ የቤቱ ግቢ ግን አይደፈርም። ይህ ሕግ ባይኖር የመንደር ስኪ አጥር ለአጥር ሲንከራተት በቀረ ነበር።

ቤት ቅርብ መሆኑ ግን አደጋን አያርቅም። የበረዶ ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቁልቁለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቁልቁለት ከጓሮ ጀርባም ይገኛል። ናዳው ከላይ ተነስቶ ሜዳ ላይ ያለውንም ስለሚደርስበት፣ ከሥር የሚያልፍ መንገደኛ ቀና ብሎ ከበላዩ ያለውን ገደል ማየት አለበት።