ከፍል ውኃ ድንኳን እስከ እቴጌ ሆቴል

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ ሁለት ሌሊት በድንኳን ማደር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያጣራው ነገር የታወቀ ነው፦ ውኃ ቅርብ ነው ወይ? ማገዶ ይገኛል? መሬቱ ጭቃ አይሆንም? ስንትስ ያስወጣል? ከ130 ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ቢኬድ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ተራራ ያስወረዱትም እነዚሁ ጥያቄዎች ነበሩ። አራዳና ፒያሳ የበቀሉት ከዚያ የሰፈራ ምርጫ ነው።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ የሰፈሩት ለጥበቃ ብለው ነው። ከተራራው ላይ ሆኖ ዙሪያውን መቃኘት ይቻላል፤ የሚመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን አልተመቸም። ነፋሱና ውርጩ ዕረፍት አይሰጥም፣ ክረምት ሲገባ መብረቁ ያስፈራል፣ ውኃ በእንስራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ግድ ነው። ማገዶ ለቃሚውም ዓመት በዓመት የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። በየቀኑ ግብር ለሚያበላ ግቢ፣ እንጨትና ውኃ መራቁ ቀላል ችግር አልነበረም።

ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ በአንጻሩ ሞቃትና ለምለም ነበር። የጉለሌ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት በዚህ ስፍራ ከብት ያሰማሩ ነበር፤ ሜዳው ባለቤት ነበረው፣ ባዶ ሆኖ አልቆየም። ንጉሡና ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል በፍል ውኃው ለመታጠብ እየወረዱ፣ ድንኳን እያስተከሉ ይሰነብቱበት ጀመር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ጨለንቆ ላይ ድል ባደረጉበት ወራት፣ ጣይቱ እዚያው አካባቢ ቤት ማሠራት ያዙ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ለጥቂት ቀን የተመረጠ የመታጠቢያ ሰፈር በዚህ መንገድ ዋና ከተማ ሆነ።

ሰፈር መምረጥ በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ የሚገባውን ክብር ያገኘም አይመስልም። ኮትቻ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይላላና ካስማ አይዝም፤ በሌሊት ነፋስ አውታሩ ከረገበ ድንኳኑ በተኛው ሰው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ዘቅዘቅ ያለ፣ ውኃ የማይተኛበት መሬት ይመርጣል፤ በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል፤ ከብት የሚጠጣበትን ውኃ ሰው ከሚቀዳበት ወደ ታች ያደርጋል። የፍል ውኃ ሜዳ በበጋ ቢያስደስትም በክረምት ይረገረጋል፤ ግቢው ሜዳው ላይ ሳይሆን በላዩ ባለው ኮረብታ የተሠራው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዘመቻ ሰፈር ሥርዓትም ነበረው። የንጉሡ ድንኳን መሐል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራሉ። እንጀራ ጋጋሪውና ጠጅ ጣዩ፣ በቅሎ ጫኙና ስንቅ ጠባቂው ሁሉ ቦታውን ስለሚያውቅ፣ ሠራዊቱ በደረሰበት ሁሉ ያው ከተማ እንደገና ይቆማል። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ ወርሳለች። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው፤ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያቸው ጎጆውን ቀለሰ። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአራዳና በአካባቢዋ ሰፈሮችና ድልድዮች ላይ ይጠራል።

አራዳ ራሷ የገበያ ሜዳ ነበረች። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በሚቆመው ገበያ፣ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ቡናውን፣ ማሩን፣ አሞሌውንና በቅሎውን ይዞ ይወጣል። ሲራራ ነጋዴ ዘመድ ወይም ደንበኛ ካለው እሱ ዘንድ ያድራል፤ የሌለው አጋሰሱን አራግፎ፣ በሶውን በጥብጦ፣ ቋንጣውን ቆርጥሞ ሜዳ ላይ ያድራል። ርካሹ ማደሪያ ይህ ነበር፤ የሚያስፈልገው ሣርና ምንጭ ብቻ ነው።

ርካሽነቱ ግን ለአዳሪው ነው። ለሰፈሩ እንጨት የሚቆርጠው፣ ሣር የሚያጭደው፣ በግና እንጀራ የሚያቀርበው ባላገር ዋጋውን ይከፍል ነበር። ወደ ቤተ መንግሥት የሚመጣ የክብር እንግዳ በየመንገዱ በንጉሥ ትእዛዝ ድርጎ ይቀበላል፤ ድርጎው የሚወጣው ከገበሬው ጎተራና በረት ነው። በ1889 ዓ.ም. በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን በሐረር በኩል ድንኳኑንና ጓዙን በከብት አስጭኖ አዲስ አበባ የገባው በዚህ ሥርዓት ዘመን ነበር። ደኑም አልተረፈም። የከተማይቱ ዙሪያ ከመራቆቱ የተነሣ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። አሮጌው ልማድ ይኸው ነው፤ እንጨቱ ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ መሄድ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶና የቤት እንጨት መስጠት ሲጀምር ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ ለአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ተብሎ የተጀመረውም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

በከፈሉት ገንዘብ የማደር ልማድ አራዳ የገባው በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ነው። እንግዳን አብልቶ ዋጋ መቀበል ነውር በሚባልበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አርአያ እንደሆኑ ይተረካል። ታሪኩ ሲደጋገም እንደ ቀልድ ይወራል፤ ቁም ነገሩ ግን ትልቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግዳው ወጪ ከባላገሩ ጫንቃ ወርዶ በእንግዳው ኪስ ላይ ዐረፈ። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከድሬዳዋ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው የድንኳን ጉዞ አበቃ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረና የነጋዴው ማደሪያ አብሮት ሄደ።

የእቴጌ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት ክፉኛ ቢጎዳም ታድሶ ቆሟል። ከእሳቱ ወዲህ ፒያሳ ብዙ አጥታለች፤ በ2016 ዓ.ም. እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ሰፈሮቿ ፈርሰዋል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ትዝታ ሳይጻፍ እንዳይቀር የሚያሳስበው ሁሉ አሁኑኑ ቁጭ ብሎ ሊያዳምጣቸው ይገባል።

በሳምንት መጨረሻ ወደ ሱባ መናገሻ ደን ወይም ወደ ወንጪ ድንኳን ይዘው የሚወጡ ወጣቶችም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት አለ። መሬቱን በቀን ብርሃን እዩት፣ ቦይ ቆፍሩ፣ ማገዶ ከከተማ ይዛችሁ ውጡ እንጂ ደኑን አትንኩ። በሰው ማሳ ዳር ከሰፈራችሁም ዋጋውን ከባለቤቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና ሳትነሡ ክፈሉት።