የማኅበረሰብና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከትምህርት ቤቶች ጋር በአጋርነት የሚሠሩበት አግባብ

የአካባቢ ዕድሮች፣ የወጣት ማኅበራት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የሕክምና ተቋማት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጋር በመተባበር የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት ይችላሉ። አገልግሎቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለትምህርት ቤቱ የሚደረግ ድጋፍ ሲሆን የመጸዳጃ ቤትና የውኃ ማጠራቀሚያ ግንባታን፣ የቤተ መጻሕፍት ማደራጀትንና የማጠናከሪያ ትምህርትን ይጨምራል። ሁለተኛው ተማሪዎች ለአካባቢያቸው የሚሰጡት አገልግሎት ሲሆን ችግኝ ተከላ፣ ጽዳትና የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የጳውሎስ አካባቢ በምሳሌነት በመውሰድ አሠራሩን ያብራራል።

የአካባቢው አቅም

በጳውሎስና በአካባቢው ለትምህርት ቤቶች አጋር ሊሆኑ የሚችሉ ተቋማት አሉ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ የሕክምና ትምህርት በ2000 ዓ.ም. በመጀመሩ «ሚሌኒየም» የሚለውን ስያሜ አግኝቷል። በኮሌጁ ሥር የሚገኘው የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ወላጅ ላጡ ሕፃናት መጠለያና ትምህርት በመስጠት በሚታወቁት በክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ስም ተሰይሟል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ዕድሮች በበኩላቸው ገንዘብ ባይኖራቸው እንኳ ድንኳን፣ ወንበር፣ የማብሰያ ዕቃና ከሁሉም በላይ የአባላቱን አመኔታ ይዘው ይቀርባሉ።

የሕግ መሠረት

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ምዝገባና አስተዳደር ይደነግጋል። በአዋጁ መሠረት የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አዋጁ በዕድር፣ በዕቁብና በሃይማኖት ተቋማት ላይ ተፈጻሚ አይሆንም፤ በመሆኑም አንድ ዕድር ትምህርት ቤትን ለመርዳት ሲል በአዋጁ መሠረት የድርጅት ምዝገባ ማከናወን አይጠበቅበትም። የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ማንኛውም አጋር በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት ይህንን ድንጋጌ ያከበረ ሊሆን ይገባል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ከትምህርት ቤቱ ዕቅድ መነሳት። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ከሚያተኩርባቸው አራት ዓቢይ ርዕሰ ጉዳዮች አንዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው። ድጋፍ ሰጪው አስቀድሞ የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድ ጠይቆ ሊመለከት ይገባል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ፣ የመማሪያ ቁሳቁስና ምገባ ስለሚያቀርብ፣ ድጋፉ ተደራራቢ እንዳይሆን ማጣራት ያስፈልጋል።

2. ሐሳቡን ማቅረብ። ጥያቄው በደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ ቀርቦ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር ምክክር ይደረግበታል፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይገለጻል። ድርጅቶች የምዝገባ የምስክር ወረቀታቸውን ያያይዛሉ።

3. የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም። ሰነዱ የሥራውን ዝርዝር፣ የጊዜ ሰሌዳውን፣ የእያንዳንዱን ወገን ድርሻና ከርክክብ በኋላ ያለውን ኃላፊነት ያመለክታል።

4. ድጋፉን በደረሰኝ መስጠት። በዓይነት የተሰጠ ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ገንዘብም በሕጋዊ ደረሰኝ እንጂ በግለሰብ እጅ አይሰጥም።

5. ውጤቱን ማሳወቅ። ሥራው ሲጠናቀቅ የተከናወነውና የወጣው ወጪ ለወላጆች ስብሰባ ይቀርባል።

ከርክክብ በኋላ

የአጋርነት ሥራ የሚፈተነው በምረቃው ዕለት ሳይሆን ከምረቃው በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ቧንቧው ሲሰበር ማን እንደሚጠግን፣ የሳሙናና የጽዳት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ በብዙ ድካም የተሠራው ክፍል ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ጉዳቱ በቅድሚያ የሚያርፈው በተማሪዎች ላይ ነው፤ በወር አበባ ወቅት ውኃና የተዘጋ በር ያላገኘች ተማሪ ቤቷ ለመቅረት ትገደዳለች። ስለዚህ ድጋፍ ሰጪዎች አዲስ ግንባታ ከመጀመራቸው በፊት ቀድሞ የተሠራውን መጠገን ይቀድም እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ቢጠይቁ ይመረጣል።

የተማሪዎች ደኅንነት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰዱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህም መሠረት፦

• በጎ ፈቃደኞች ማንነታቸው ተመዝግቦ፣ የትምህርት ቤቱ ተወካይ ባለበት አገልግሎት ይስጡ።
• ተማሪዎች በአገልግሎት የሚሳተፉት በፈቃዳቸውና በወላጆቻቸው ስምምነት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭና ዕድሜያቸው በሚፈቅደው ሥራ ብቻ ይሁን።
• ደም መለገስ የሚቻለው ከ18 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በመሆኑ፣ ከዚያ በታች ያሉ ተማሪዎች ቅስቀሳ በማድረግ መሳተፍ ይችላሉ።
• ድጋፍ የሚቀበሉ ተማሪዎችን በሰልፍ ፊት አቁሞ መስጠትም ሆነ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶግራፋቸውን ማሰራጨት ክብራቸውን የሚነካ ስለሆነ ሊወገድ ይገባል።

አጋር ለመሆን የሚፈልጉ ዜጎችና ተቋማት በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ለሚገኘው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወይም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ማመልከት ይችላሉ።