ዓምዳዊ ስንጥቅ

ዓምዳዊ ስንጥቅ፦ የቀለጠ ዓለት ረግቶ ሲቀዘቅዝ በመኮማተሩ የሚፈጠር፣ ዓለቱን ባለ ብዙ ጎን ምሰሶ አድርጎ የሚከፋፍል የስንጥቆች መረብ። የእንግሊዝኛ ስሙ ኮለምናር ጆይንቲንግ ነው። ጆይንትን እንደ አናጢ “መጋጠሚያ” ብንለው ነገሩ ይገለበጣል፤ በሥነ ምድር ጆይንት ማለት ግራና ቀኙ ሳይንሸራተት በዓለት ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ ነው።

ስመ ጥሩው ምሳሌ በሰሜን አየርላንድ ባሕር ዳርቻ ያለው ጃይንትስ ኮዝዌይ ነው። 40,000 ገደማ የባዛልት ምሰሶዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዕድሜያቸው ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የአገሬው ተረት ፊን ማኩል የተባለ ግዙፍ ሰው የደረደራቸው ድንጋዮች ናቸው ይላል። ግን የደረደራቸው የለም፤ ምሰሶ የምንለው ስንጥቆቹ ከበው ያስቀሩት ዓለት ነው።

ባዛልት ሲፈስ ሙቀቱ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ፈሳሽ እስከሆነ ድረስ ቢኮማተርም አይሰነጠቅም። 980 ዲግሪ አካባቢ ከረጋ በኋላ ግን፣ መጠኑ ልቀንስ ቢል ዙሪያውን ከያዘው ዓለት ጋር ተጣብቋልና ወደ ጎን መሸሻ የለውም። ውጥረቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአይስላንድ ባዛልት በቤተ ሙከራ ሲያቀዘቅዙ፣ ስንጥቁ የመጣው ገና ከ840 እስከ 890 ዲግሪ ላይ ሳለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች፣ በበጋ እንደሚተረተር ዋልካ መሬት፣ ገጹ ላይ እንዳገኙ ይጋጠማሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሌላውን ቀጥ ብሎ ይገጥመዋል። ወደ ውስጥ በዘለቁ ቁጥር ግን ሦስት ሦስት እየሆኑ በ120 ዲግሪ ወደ መገናኘት ይሄዳሉ። በዚህ አቀማመጥ ውጥረቱ በአጭር ስንጥቅ ብዙ ይረግባል። ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ ባለ አምስትና ባለ ሰባት ጎኖችም አይጠፉም።

ስንጥቁ በአንድ ጊዜ እስከ ታች አይወርድም። ጥቂት ተጉዞ ገና ያልጠነከረውን ትኩስ ዓለት ሲያገኝ ይቆማል፤ ቅዝቃዜው ሲወርድ እንደገና ይቀጥላል። ምሰሶውን በእጅ ብትዳስሱት ጎኑ ላይ አግድም የተደራረቡ፣ ከፊላቸው ለስላሳ ከፊላቸው ሻካራ ጠባብ ቀበቶዎች አሉ። እያንዳንዱ ቀበቶ የአንድ እርምጃ አሻራ ነው። ቅዝቃዜው ሲፈጥን ቀበቶውም ይጠባል፣ ምሰሶውም ይቀጥናል።

ዓምዳዊ ስንጥቅ በአገራችንም በዓባይ ሸለቆ የላይኛው ገደል ያለው ባዛልት ላይ ይታያል። ስታዩት አቅጣጫውን ልብ በሉ፤ ስንጥቅ የሚጓዘው ከቀዝቃዛው ገጽ ወደ ትኩሱ ነው። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከቆመ ላቫው የቀዘቀዘው ከላይና ከታች ነው፤ ከተጋደመ ደግሞ ቅዝቃዜው በጎን ገብቷል፤ ቅልጡ በቋሚ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የረጋ ሳይሆን አይቀርም።